ስሟን ስንጠራት

ይህን የምነግራችሁ ልጄን አስፈቅጄ ነው። አሁን አድጋለች፤ ስለ እሷ ሲወራ ዝም ብላ የምታልፍ ዓይነት አይደለችም። «ከነገርሽ አይቀር ሳትቀንሺ ሳትጨምሪ ንገሪ» ብላኛለች። እንደነበረው ለመናገር እሞክራለሁ።

ያኔ ጂንካ ገበያው አጠገብ ካለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ደጃፍ ላይ ልብስ እሰፋ ነበር። አሁንም እሰፋለሁ፤ ያኔ ግን የነበረችኝ የስፌት መኪና አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም በእግር የምትረገጥ። እኔና ባለቤቴ ማቴዎስ የመጣነው ከወላይታ ነው። እሱ ጂንካ ውስጥ የጎማ ሥራ ሞክሮ ስላልሆነለት ወይጦ ወርዶ ከዋናው መንገድ ዳር ጎሚስታ ከፍቶ ነበር። ከኮንሶ በኩል የሚመጣው የጭነት መኪና ሁሉ በዚያ ስለሚያልፍ ሥራ አይጠፋም። ቤታችን ግን ለሁለት ተከፈለ። እሱ ሲመቸው እሁድ ይመጣል፤ እኔ ከልጃችን ከሳሮን ጋር ጂንካ እቀራለሁ።

ሳሮን አምስት ዓመቷ ነበር። አፏን የፈታችው ዘግይታ ነው። ስሟን ሲጠይቋት «አሮን» ትላለች። ሰው ይስቃል፤ «አሮንማ የወንድ ስም ነው» ይላታል። እሷም ሰው ሲስቅ አይታ አብራ ትስቃለች። ስትጠራ አንዳንዴ ትዞራለች፣ አንዳንዴ ደግሞ የሰማች አትመስልም። እኛ ቤት ይሄ ግትርነት ይባል ነበር። «አባቷን ነው የወጣችው» እያልኩ ለጎረቤት አወራለሁ፤ እነሱም «ታድያ ማንን ልትወጣ ነው» ይሉኛል፤ በዚሁ ያልፋል።

ያን ዓመት ኬጂ ገባች። አስተማሪዋ ቲቸር ሰላማዊት ትባላለች፤ ከሰሜን ተመድባ የመጣች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ወጣት ናት። አንድ ቀን ወላጆችን ሁሉ ሰብስባ እንዲህ አለችን፦

«ፊደል አስቆጥሩልኝ አልላችሁም። በድምፅ አጫውቱልኝ ነው የምለው። አንድ ቃል ውሰዱና በጭብጨባ ቆራርጡት። ሎሚ፤ ሎ-ሚ፣ ሁለት ጭብጨባ ነው። ከዚያ ‘ሲጀምር ምን አለ?’ ብላችሁ ጠይቁ። ዕቃ አያስፈልግም፤ ልብስ እያጠባችሁም፣ መንገድ እየሄዳችሁም ይቻላል። እናት ብቻ ሳትሆን አባትም፣ አክስትም፣ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ይጫወት።»

ስብሰባው ሲያልቅ ለብቻዬ አስቀረችኝ።

«የሳሮን እናት፣ ሳሮን እዚህ ጨዋታ ላይ እየከበዳት ነው» አለችኝ። «ማ፣ ባ፣ ፋ ሲሆን ትመልሳለች። ‘ማ’ን ከ‘ባ’ ጋር ታቀያይራለች እንጂ ትሞክራለች። ካ፣ ሳ፣ ሃ ላይ ስንደርስ ግን ፊቴን እያየች ዝም ትላለች። እቤት እንዴት ናት?»

«ግትር ናት» አልኳት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጨዋታውን ያዝኩት። መኪናዋን እየረገጥኩ፣ ከጎኔ ዱካ ላይ አስቀምጬ «ሙዝ ሲጀምር ምን አለ?» እላታለሁ። አንዳንዴ ፈጥና ትመልስልኛለች። አንዳንዴ ከነጭራሹ ለእሷ የለሁም። ጎንበስ ብዬ ክር ሳስገባ የጠየቅኳት ጥያቄ በሙሉ ሜዳ ላይ ይቀራል። ያኔ ይሄን ልብ አላልኩትም። ደክሟታል ብዬ አልፋለሁ፤ ወይም እኔው ተናድጄ እተወዋለሁ።

በመሀል የማቴዎስ ታላቅ እህት እትዬ ወርቅነሽ ከአገር ቤት ልትጠይቀን መጣች። እናታቸው ስትሞት ማቴዎስን ያሳደገችው እሷ ናት። እጇ የማያርፍ፣ ልበ ሩህሩህ ሴት ናት፤ ግን የምትናገረው ነገር በማቴዎስ ቤት ሕግ ነው። ጥቂት ቀን ሳሮንን ስታያት ሰነበተችና አንድ ማታ አስቀመጠችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ እውነቱን ልንገርሽ» አለችኝ። «ይቺ ሕፃን አእምሮዋ ዘግይቷል። በደግ አንደበት የሚነግርሽ አጥተሽ ነው። ትምህርት ቤት እየላክሽ አታስቂባት። ከእኔ ጋር አገር ቤት ትሂድ። ዶሮ ታባርራለች፣ ከልጆች ጋር ሜዳ ላይ ትውላለች። ስትጠነክር ትወስጃታለሽ።»

«ማቴዎስ ምን ይላል?» አልኳት።

«ነግሬዋለሁ። እሺ ብሏል።»

ስልክ ደወልኩለት። «እትዬ ልጅ ታውቃለች፤ እኔን አሳድጋለች» አለኝ። ድምፁ ደስ ያለው ሰው ድምፅ አልነበረም። ተከራክሬ ነበር ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። መከራከሪያ ግን አልነበረኝም። ልጄ ለምን እንደማትመልስ ብጠየቅ የምመልሰው አጥቼ ሻንጣዋን አዘጋጀሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችን ከጂንካ መናኸሪያ ሚኒባስ ያዝን። ሐሳቡ ሳሮን ወይጦ ላይ አባቷን እንድትሰናበትና ከዚያ ከአክስቷ ጋር ወደ ኮንሶ በሚያልፈው አውቶብስ እንድትሄድ ነው። እትዬ ወርቅነሽ ጉልበቷን ስለሚያማት ጋቢና ተቀመጠች። እኔ መጨረሻ ወንበር ላይ ሳሮንን ጭኔ ላይ አድርጌ በመስኮት በኩል ተቀመጥኩ። ፊቷ ወደ ውጭ ነው። የለበሰችው ራሴ የሰፋሁላትን ቢጫ ቀሚስ ነው።

ቀይ አፈር ከተማን አልፈን ቁልቁል መውረድ ስንጀምር ሙቀቱ መጣ። ያለቀስኩ እንዳይመስልብኝ ጨዋታ ልጀምርላት አሰብኩ። ከኋላዋ ሆኜ «ሳሮን፣ ማንጎ ሲጀምር ምን አለ?» አልኳት። መልስ የለም። ደገምኩላት። ወደ ውጭ ታያለች። ትከሻዋን ነካ ሳደርጋት ዞር አለችና ፊቴን አየች። ያንኑ ቃል ደገምኩ።

«ባ» አለች ፈገግ ብላ።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የቲቸር ሰላማዊት ንግግር ድንገት ጆሮዬ ላይ መጣ። ማ፣ ባ፣ ፋ። እነዚህን ትመልሳለች። በራሴ አፍ ማ አልኩ፤ ባ አልኩ። ሁለቱም ከንፈር ይገጥማሉ። ፋ አልኩ፤ ጥርስ ከንፈር ላይ ይወርዳል። ከዚያ ካ አልኩ፤ ሃ አልኩ። አፍ ከመከፈት በቀር ከውጭ የሚታይ ነገር የለም።



ሻርፔን ሳብ አድርጌ አፌን ሸፈንኩና እያየችኝ «ሙዝ» አልኳት። ዝም። ሻርፑን ልትገልጠው እጇን ሰደደች። ገለጥኩላትና አሁን ደግሞ ድምፅ ሳላወጣ፣ በከንፈሬ ብቻ «ሙዝ» አልኩ። ከአጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ እንኳ ምንም አልሰማም።

«ሙ» አለችኝ ሳሮን።

ድምፅ ሳላወጣ «ፋኖስ» አልኩ። «ፋ» አለች። ድምፅ ሳላወጣ «ካልሲ» አልኩ። ፊቴን እያየች ዝም አለች፤ ቲቸር እንዳለችው ዓይነት ዝምታ። መልሼ አዞርኳትና አፌን ጆሮዋ ላይ ለጥፌ በኃይል «ካልሲ» ስላት ደንገጥ ብላ «ታ» አለች። ሰዎቹ ዞረው አዩኝ። ግድ አልነበረኝም። ልጄ አልዘገየችም። ልጄ በደንብ አትሰማም። የማይሰማትን በዓይኗ እየለቀመች ነው እስከዛሬ ከእኛ ጋር ያወራችው።

ወይጦ እስክንደርስ ያለው መንገድ አላልቅ አለኝ። ስንወርድ ማቴዎስ አንድ ተሳቢ መኪና ስር ተኝቶ ነበር። ኮምፕሬሰሩ ይጮሃል፤ መንገድ ዳር ፍየል የሚነዱ የአገሬው የጸማይ ብሔረሰብ ልጆች ቆመው ያያሉ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጥቶ ሳሮንን አነሳና ሳማት። ፊቱ ላይ ግሪስ ስለነበር ጉንጯ ጠቆረ። እሷን አውርዶ ሳይጨርስ ነገርኩት።

«ማቴ፣ ልጅቷ አትሰማም።»

«ምን?»

«ጆሮዋ አይሰማም። አፋችንን እያየች ነው የምትመልሰው። መኪና ውስጥ ሞክሬ አየሁ።»

«እኔ ስጠራት ትመጣለች እኮ» አለ።

«ስታይህ ነው የምትመጣው።»

እትዬ ወርቅነሽ ሻንጣውን አስቀምጣ ጠጋ አለች። «አስቴር፣ መለየቱ ከብዶሽ ነው» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ማዘን ነው ያለው። «እናት ናትና ምክንያት አታጣም፤ ማቴዎስ፣ ተዋት ታልቅስ። አውቶብሱ መምጫው ነው።»

«ምክንያት አይደለም። እዚሁ ላሳያችሁ።»

«በዚህ ጩኸት ምን ታሳዪኛለሽ?» አለ ማቴዎስ። እውነቱን ነው፤ እርስ በርሳችን የምንሰማማው እየጮህን ነበር። እኔ ደግሞ ጮክ ባልኩ ቁጥር እብድ እየመሰልኩ መጣሁ። እሱ ወደ እህቱ ያያል፣ እሷ ወደ መንገዱ ታያለች፣ እኔ እጁን ይዤ እለምነዋለሁ። ሦስታችንም ስለ ሳሮን እየተከራከርን ሳሮንን ያያት ሰው አልነበረም።

ከሱቁ ጎን ጎርፍ የቆረሰው ጥልቅ ቦይ አለ። ከቦዩ ማዶ መኪኖች ከዋናው መንገድ እየገቡ የሚዞሩበት ሜዳ ነው፤ የእግር መሻገሪያው ሳንቃ ነው። ቦዩ ሜዳውን ዞሮ ነው የሚያልፈው። ቀና ስል ቢጫውን ቀሚስ ማዶ አየሁት። ሳሮን ሳንቃውን ተሻግራ ሜዳው መሀል ቁጢጥ ብላ የጠርሙስ ቆርኪ ትለቅማለች። ጀርባዋ ወደ እኛ ነው። ከጀርባዋ ደግሞ የማቴዎስ ረዳት ጎማውን ቀይሮ የጨረሰለት ያ ተሳቢ ሊዞር ብሎ ወደ ኋላ እየመጣ ነው።

«ሳሮን» ብሎ ማቴዎስ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ጮኸ። ረዳቱ፣ እትዬ ወርቅነሽ፣ ፍየል ነጂዎቹ፣ እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ስሟን ከእኛ እየተቀበለ ጠራ። ቆርኪዋን ወደ ብርሃን አንስታ አየቻት፤ አቧራዋን በቀሚሷ ጠረገቻት። አልዞረችም። ሾፌሩም በሞተሩ ድምፅ አልሰማም። ማቴዎስ ወደ ሾፌሩ በር ሊደርስ በሳንቃው በኩል ሮጠ።

እኔም መጮህ ጀምሬ ነበር። ግን አቆምኩ። እግሬ ወደ ሳንቃው አልሄደም፤ ብሄድም አልደርስባትም። የቦዩን ዳር ይዤ ሮጥኩ። ሰው ሲያየኝ ከልጄ የምሸሽ ሳልመስል አልቀረሁም። መታጠፊያው ላይ፣ ፊቷ ወደሚያይበት አቅጣጫ እስክደርስ ሮጥኩ። በመካከላችን ቦዩ አለ። ከጀርባዋ የመኪናው ኋላ ትልቅ ሆኖ ይታየኛል። ሻርፔን አውልቄ ከራሴ በላይ አወዛወዝኩት።

ቀና አለች።

አየችኝና ሳቀች። ቆርኪዋን ልታሳየኝ እጇን ዘረጋች። እኔ ተንበርክኬ ሁለት እጄን ከፈትኩና አፌን አስፍቼ፣ ቀስ አድርጌ «ነይ» አልኳት። ድምፅ ይውጣልኝ አይውጣልኝ እስከዛሬ አላውቅም። ፊቴ ላይ የነበረውን ሁሉ አነበበች መሰለኝ፣ ሳቋ ጠፋ። ተነስታ ወደ እኔ ሮጠች። ቦዩ አፋፍ ላይ ስትደርስ አፈሩ ከዳት፤ እኔም ወደ ውስጥ ተንሸራትቼ ታች ላይ ተቀበልኳት። ከላያችን የመኪናው ጎማ ሳሮን ቁጢጥ ብላበት የነበረውን ቦታ ሲያልፍበት መሬቱ ሲነቃነቅ በጀርባዬ ተሰማኝ። ከዚያ ቆመ። ማቴዎስ ሾፌሩ ጋ ደርሶ ነበር።

ኮምፕሬሰሩን ያጠፋው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ድንገት ጸጥ አለ። ሾፌሩ ወርዶ ቦዩ ዳር ተቀመጠ፤ ሸምገል ያለ ሰው ነው።

«ይሄ ሁሉ ሰው ሲጠራት ነበር አሉኝ» አለ። «ልጅቷ አትሰማም እንዴ?»

ማቴዎስ ቦዩ ውስጥ ወርዶ ከእኛ ጋር ተቀመጠ። ሳሮን ጉልበቷ ተልጦ ታለቅሳለች። እሱ ፊቷ ፊት ለፊት ሆኖ አያት፤ ከዚያ ዞሮ ከጀርባዋ ተቀመጠ። አንዴ በዝግታ ስሟን ጠራት። ትንሽ ቆይቶ ደገመ። እኔ እያየሁት ነው፤ እሷ አልዞረችም። ሦስተኛውን መጥራት አልቻለም። ፊቱን በግሪሳሙ እጁ ሸፈነ።

አውቶብሱ የመጣው እኛ ገና ከዚያ ሳንወጣ ነው። የአውቶብሱ ረዳት «ኮንሶ፣ አርባ ምንጭ፣ ሶዶ» እያለ ሲጠራ እትዬ ወርቅነሽ ሻንጣዎቹን ይዛ ቆማ ነበር። ወደ አውቶብሱ አየች፣ ወደ እኛ አየች። ከዚያ ሻንጣዎቹን ይዛ መልሳ ሱቁ ውስጥ አስገባቻቸው።

«ሂድ፣ የሚሄድ የለም» አለችው ረዳቱን። ወደ እኔ መጥታም «ሆስፒታሉ ጂንካ ነው አይደል?» አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት አራታችንም ሆስፒታል ነበርን። ያየን ዶክተር ቸኩሎ የሚናገር ግን ቸኩሎ የማይሠራ ሰው ነበር። በመብራት ጆሮዋን ረጅም ጊዜ አየ። ማቴዎስ ወንበር እያለ ቆሞ ነው የሚጠብቀው።

«ቀኙ ተደፍኗል» አለን በመጨረሻ። «ኩኩ ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኗል፤ መሀሉ ላይም የበቆሎ ፍሬ የሚመስል ነገር አለ። ግራው ግን የቆየ ቁስል አለበት፤ ታምቡሩ ተበስቷል። ከልጅነቷ ጆሮዋ መግል ያፈስ ነበር?»

አፍሶ ነበር። በየጊዜው ዘይት እየጨመርኩበት አዳንኩት ብዬ ነበር፤ ይህንኑ ነገርኩት። «ዘይት እንዳትጨምሩ» አለኝ፤ ሌላ አልወቀሰኝም። «ቀኙን በጠብታ አለስልሰን እናጥበዋለን። ለግራው አርባ ምንጭ እልካችኋለሁ።»

«ዶክተር፣ አእምሮዋስ?» አለች እትዬ ወርቅነሽ። ያን ጥያቄ የጠየቀችው ለእኔ ስትል እንደሆነ ገባኝ።

«ሳትሰማ ይህን ያህል ካወራች ምን ጎደላት?» አለ። «ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጆሮው ሲከፈት ቃላቱ አብረው አይመጡም። ድምፅን ከድምፅ መለየት ገና አልተማረችም። የምትማረው ከእናንተ ነው።»

ቀኙ የታጠበ ዕለት የሆነውን መቼም አልረሳም። ብዙ ሰው ደስ የሚል ነገር ይጠብቃል። ሳሮን ግን ፈራች። የሕክምና ዕቃ ብረት ሳህን ላይ ሲቀመጥ ጮኸች። ግቢው ውስጥ ስንወጣ ቆም እያለች እግሯን ታያለች፤ ጫማዋ ሲሚንቶው ላይ የሚያወጣውን ድምፅ እየሰማች ነው። እቤት ደርሰን የስፌት መኪናዬን ስረግጥ ደግሞ ጆሮዋን ይዛ ወደ ጓሮ ሮጠች። ያደገችው እኮ እዚያች መኪና ሥር ነው።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሥራ የወራት ነው። እትዬ ወርቅነሽ ክረምቱ እስኪገባ አብራን ቆየች። አማርኛዋ ጠንካራ ስላልሆነ በወላይትኛ ነው የምታጫውታት፤ ቲቸር ሰላማዊትን ስጠይቃት «በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ ድምፅ ድምፅ ነው» አለችኝ። ሁለቱ በር ላይ ተቀምጠው ሲያጨበጭቡ መንገደኛ ቆሞ ያያቸዋል። ማቴዎስ ደግሞ ማታ ማታ ከወይጦ ይደውላል። ስልክ ላይ ፊት የለም። መጀመሪያ ስልኩን ትጥለውና ትሄድ ነበር። እሱ አልተወም። አንድ ቃል ብቻ ይላታል፣ ዝም ብሎ ይጠብቃል፣ ይደግማል። ያ ሰው በሥራ ቦታ ትዕግሥት የለውም፤ ጎማ አልወጣ ሲለው መፍቻ የሚወረውር ሰው ነው። ስልኩን ይዞ ግን ልጁ «ካ» እስክትል ድረስ የወይጦ ሙቀት ላይ ቆሞ ይጠብቃል። «ካ»ን ከ«ታ» ለመለየት ብዙ ፈጀባት። ያን ዓመት ኬጂውን ደገመች። ቲቸር ይህን ስትነግረኝ ልታጽናናኝ ሞከረች፤ እኔ ግን ማጽናናት አላስፈለገኝም።

ግራ ጆሮዋ እስከዛሬ ደካማ ነው። አርባ ምንጭ ተመላልሰን መግሉ ቆመ፤ የመስማት ኃይሉ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ክፍል ውስጥ ከፊት ነው የምትቀመጠው። መምህር ወደ ሰሌዳው ዞሮ ሲናገር እጇን ታወጣና «ይቅርታ፣ ወደኛ ዞረው ይንገሩን» ትላለች። መጀመሪያ ላይ የተቆጡ ነበሩ። አሁን ለምደዋታል።

እናንተ ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ እኔ ተምሬ አስተማሪ ልሆናችሁ አይደለም የጻፍኩት። ትንሽ ልጅ ካላችሁ ዛሬ አንድ ነገር አድርጉ። ጨዋታ ላይ እያለ ከጀርባው ቁሙና የሚወደውን ነገር ስም በዝግታ ጥሩ። ከዞረ ጨዋታውን ቀጥሉ፤ ሎሚውን አጨብጭቡ፣ ሲጀምር ምን አለ በሉት፣ አባትም አያትም ይግባበት። ካልዞረ ግን አትቆጡት። ግትር ነው፣ ሰነፍ ነው፣ ዘገየ አትበሉ። ጆሮውን አሳዩ። እኔ ያን ጨዋታ ፊደል ማስጠኛ ብቻ ነው ብዬ ነበር የያዝኩት። ቲቸር ባታዘን፣ እኔም በዚያ ሚኒባስ ውስጥ ባልጫወት ኖሮ፣ ያን ቀን እንደ ሰው ሁሉ ቆሜ እጮህ ነበር።

በቅርቡ ይህን ልጽፍ ስነሳ ሳሮንን አንድ ነገር ጠየቅኳት። ለዓመታት ሲያስጨንቀኝ የኖረ ነው።

«ያኔ እንደማይሰማሽ ለምን አልነገርሽንም?» አልኳት።

የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን እያጠፈች ነበር።

«እማ፣ ሰው ሁሉ እንደዚያ የሚሰማ ነበር የሚመስለኝ» አለችኝ። «ሁላችሁም ፊት እያያችሁ የምታወሩ ነበር የሚመስለኝ።»